እጇን ያሰረው ማን ነው

ኦክቶበር 21

እማን መታጠቢያ ቤት ወድቃ አገኘኋት። አምቡላንስ። ድንገተኛ ክፍል። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉኝ። ወረቀት አመጡ፣ ሌላ ወረቀት አመጡ። ቴሶፕ ስልክ አያነሳም። ወንድም ተብዬ! ለዛሬ በቃኝ።

ኦክቶበር 23

ቴሶፕ ትናንት እኩለ ቀን ላይ ከኡልሳን ደረሰ። የመርከብ ፋብሪካውን ጃኬት እንኳ አላወለቀም። የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ቆሞ በመስታወቱ ሲያያት ቆየ። ዶክተሩ መጥቶ በጉሮሮዋ የገባው ቱቦ እንደሚተነፍስላት ሲያስረዳው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እናንተ ታውቃላችሁ፤ የሚያስፈልገውን አድርጉ።»

ይቺን ቃል እዚህ አስቀምጣታለሁ። የሚያስፈልገውን አድርጉ! ለማን የሚያስፈልገውን? አንድ ቀን ዘግይቶ መጥቶ፣ አንዲት ቃል ወርውሮ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የሃምሳ አምስት ዓመት ሰውዬ!

እማ የምትፈልገውን ተናግራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤታችን የዓሣ ነጋዴዋ ማሽን ላይ አምስት ወር ተንጠልጥላ ስትሞት፣ እማ በገዛ እግሯ ጤና ቢሮ ሄዳ ፈረመች። የመሞቻዬ ሰዓት ሲደርስ ማሽን እንዳይቀጠልብኝ፣ ደረቴን እንዳይደልቁት ብላ። ካርዱ በፖስታ መጣላት። ምሳ እየበላን ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ ኡንሱክ፤ ቴሶፕ ሆደ ቡቡ ነው» አለችኝ። አስቀመጥኩት። ደህና ቦታ ነው ያለው።

ኦክቶበር 26

ካርዱን ለዶክተሩ አሳየሁት። አገላብጦ አየው።

«ይኼን መጀመሪያ ቀን ለምን አልሰጡንም?»

«ግርግር ነበር» አልኩት።

ብሰጠውም ባልሰጠውም አሁን ለውጥ የለውም አለኝ። ካርዱ የሚሠራው ሁለት ዶክተሮች መሞት ጀምራለች ብለው ሲፈርሙ ብቻ ነው። እማ ደግሞ እየሞተች አይደለም፤ አትነቃም እንጂ። አልሞተችም፣ አልዳነችም። ታዲያ ምን ትባላለች ስለው «የረጅም ጊዜ ታማሚ» አለ፣ ያውም ፈገግ ብሎ። ስም በማውጣት የሚተካከላቸው የለም። ጉሮሮዋ ሊቀደድ ነው፣ ቱቦው እንዲመቻት። በአፍንጫዋ ደግሞ ሌላ ቱቦ አለ፣ ወተት የመሰለ ነገር የሚፈስበት። እሱን ማቋረጥ በሕግ ክልክል ነው አለኝ። ሰማንያ ስድስት ዓመት ሙሉ የምትበላውን ራሷ የመረጠች ሴት!

ኮሪደሩ ላይ ቴሶፕ ተከተለኝ። «እትዬ፣ ካርዱ የት ነበር?»

«ካለበት።»

ደግሜ እንዳልሰማው ፊቴን አዞርኩ። መርማሪ ይመስል!

ኖቬምበር 6

ወደ ማስታመሚያ ሆስፒታል አዛወሯት። መግቢያው ላይ ስምንት ቦታ ፈረምኩ፤ ያን ሁሉ ማን ያነባል? ከሰዓት ሱቄን ከፍቼ የሁለት ሰው ሱሪ አሳጠርኩና ወደ ማታ ተመልሼ ስመጣ እጆቿ ጓንት ውስጥ ናቸው። ጓንት ይሉታል። እንደ ቦክሰኛ ጓንት ያበጠ፣ ነጭ፣ ክሩ ከአልጋው ብረት ጋር የታሰረ። ቱቦውን እንዳትነቅል ነው አሉ። ስለዚህ ልትነቅለው ሞክራለች ማለት ነው! አትሰማም፣ አታውቅም ያሏት ሴት!

«ማን ፈቀደላችሁ?» አልኩ፣ ክፍሉ እስኪናወጥ።

ሲስተሯ በእርጋታ «ቤተሰብ ፈርሟል እኮ። ከመጀመሪያው ሆስፒታልም ከነፊርማው መጥቷል» አለች።

ቤተሰብ። የሚያስፈልገውን አድርጉ ያለው ቤተሰብ። ዛሬ ኡልሳን ተቀምጦ ብረት ይበይዳል፣ እማ እዚህ ታስራለች።

ስፌቱ ደግሞ ብልሹ ነው። ጠርዙ አንጓዋን ልጦታል።

ኖቬምበር 8

ጓንቶቹን ሱቅ ወስጄ ጠርዛቸውን ፈታሁና ውስጡን በለስላሳ ጥጥ ገጠምኩት። ማሰሪያውንም በሰፊ ጥብጣብ ቀየርኩት። ሲስተሯ «ወይ ሙያ! ለሌሎቹም ይሥሩልን» አለችኝ። ልጮህባት ምንም አልቀረኝም። መልሼ ያጠለቅኩላት ግን ራሴ ነኝ። አንድ በአንድ፣ ጣቶቿን እያስገባሁ።

ኖቬምበር 13

አጎቴ መጣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ የጎሳው ሽማግሌ እሱ ነው፤ ማን የት እንደሚቀበር የሚለየው እሱ ነው። ቴሶፕም ለእረፍት ቀኑ መጥቶ ነበር። አጎቴ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገና ባለበት ደረቀ።

«ይቺን ሴት እንደ ከብት ያሰራት ማነው?»

እኔ የብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካከልኩ።

«ማነው የፈረመው? ስም የለውም?»

«እኔ ነኝ አጎቴ» አለ ቴሶፕ።

አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ በእሷው መታው። አንዴ፣ ሁለቴ። «የበኩር ወንድ ልጅ! ወንድሜ አንተን ያገኘ ጊዜ ሦስት ቀን ነው የደገሰ!» ቴሶፕ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ልናገር ነበር። ሲስተሯ መድኃኒት ይዛ ስለገባች ተውኩት። ደግሞስ ማን አስገደደው? ራሱ ነው ያለው። ዕድሜ ልኩን «እኔ ወንድ ልጇ ነኝ» ሲል አይደል የኖረው? ይቻለዋ።

ሲወጣ አጎቴ በር ላይ ያዘኝ። «ቦታዋ ከወንድሜ ጎን ተዘጋጅቷል። ሣሩን አስጭጃለሁ» አለኝ፣ ምስራች እንደሚያበስር ሁሉ።

ኖቬምበር 15

ያ የጎሳው መቃብር ኮረብታ!

እማ አባዬን አግብታ የታክ ቤት ከገባች ጀምሮ በዓመት አስራ አንድ ጊዜ የባሏን ቤተሰብ ሙታን ዝክር ደግሳለች። የማታውቃቸውን ሰዎች። አንዳቸውም በሕይወት ሳሉ ደህና ዋልሽ ብለዋት አያውቁም። ገበያ ላይ የጨው ሽሪምፕ ስትሸጥ ውላ፣ እጇ እየተቃጠለ ዓሣ ትጠብሳለች፣ ወንዶቹ ገብተው ይሰግዳሉ፣ እሷ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ታያለች። አባዬ የሾርባው ሥጋ ወፍሮ ተቆርጧል ብሎ ጠረጴዛ የገለበጠ ቀን እኔ አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ወለሉን አብረን ነው የወለወልነው።

ባለፈው የመኸር በዓል የመጨረሻውን ቂጣ እየገለበጠች ምን አለችኝ፦ «እዚያ ኮረብታ ላይ ብትቀብሩኝ፣ ከመሬት በታች ያሉት በሙሉ ‹መጣች፣ ሾርባ አምጪ!› ነው የሚሉኝ። አቃጥላችሁ ዛፍ ሥር አድርጉኝ። ዛፍ ሾርባ አይጠይቅም።» ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ይኼን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይኸው ነው ችግሬ።

ኖቬምበር 19

በክፍለ ከተማው ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ሄድኩ። ጠበቃዋ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት፤ ብስኩት እየበላች አዳመጠችኝ።

«እናትዎ በጽሑፍ ትተውታል?»

«በአፏ ነው የነገረችኝ።»

«በጽሑፍ ቢሆንም እንኳ ልጆቻቸው ቢያከብሩት መልካም ነው እንጂ አስገዳጅ አይደለም። ስለ አስከሬኑ የሚወስነው ዝክሩን የሚመራው ልጅ ነው። ድሮ የበኩር ወንድ ልጅ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ልጆቹ ካልተስማሙ፣ በዕድሜ ትልቁ። ወንድም ይሁን ሴት። ከጥቂት ዓመት ወዲህ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንደዚያ ነው። እርስዎ ይበልጣሉ ወይስ ወንድምዎ?»

«እኔ፣ በአራት ዓመት» አልኩ። ጮኼ ነው መሰለኝ፣ ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ዞሩ።

አውቶቡስ ውስጥ ነው ነገሩ የገባኝ። የእማ ቃል ሕግ አይደለም። የእኔ ቃል ግን ሕግ ነው። ስለ ራሷ ሥጋ የእሷ ቃል ምንም፣ የእኔ ሁሉም ነገር! እንዲህ ያለውን ሕግ ያወጣ ሰው እናት አለው? ደስታዬም ንዴቴም አንድ ላይ መጡብኝ። ሰው ሥልጣን ሲሰጠው እንዲህ ነው የሚሰማው? መጀመሪያ ቀንም እኮ… ተይው።

ኖቬምበር 24

ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ፣ የቴሶፕ መኪና ውስጥ የሩዝ ጥቅል ጊምባፕ እየበላን ነገርኩት።

«እትዬ፣ አባዬ ታዲያ ብቻውን ሊሆን ነው?»

«ብቻውን? አራት ትውልድ አብሮት አለ! ካርታ ይጫወቱ!»

«አትቀልጂ።»

«ማን ቀለደ? እሷ ናት እንደዚያ ያለችው።»

«ለእኔ አልነገረችኝም።»

«አንተ መቼ ነበርክ?»

ጊምባፑን መልሶ አስቀመጠው። «እኔም እኮ ልጇ ነኝ» አለ።

«እኔስ ምኗ ነኝ? ጎረቤቷ? አስራ አንድ ዓመት አብሬያት የኖርኩት፣ ያጠብኳት፣ ጥፍሯን የቆረጥኩት?»

«ማንም አንቺን…»

«አጎትህ ‹ተድረሽ ሄድሽ፣ ተፋትተሽ ተመለስሽ፣ አንቺን የሚመለከት ነገር የለም› ሲለኝ አንተ የት ነበርክ? ዝም ብለህ ነው ያየኸኝ!»

የፍርድ ቤቱ ውሳኔ የታተመበትን ወረቀት ጭኑ ላይ ወረወርኩለት። እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከልጅነቱ እንደዚያ ነው። አጣጥፎ መለሰልኝ። «እሺ» አለ። ልጣላ ተዘጋጅቼ «እሺ» ይለኛል! እሺታው ራሱ አናደደኝ።

ታናናሾችን የሚያሳድግ ሰው ንዴቱን የሚያወጣበት አያጣም። እኔ እሱን አሳድጌዋለሁ፤ በጀርባዬ አዝዬዋለሁ። ስለዚህ ብጮህበት ምን አለበት?

ዲሴምበር 4

ሳንባዋ ተመታ። ትኩሳት። እዚህ ካርዱን አይቶ የሚወስን የሐኪሞች ኮሚቴ የለንም ይላሉ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልውሰዳት ስል «መንገድ ላይ ልትሞት ትችላለች» ይሉኛል። ታዲያ እዚህ ምን እያደረገች ነው፣ ልትኖር ነው? ጩኸቴ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሰምቷል አሉ። ይሰማ። አምቡላንስ መጣ።

ዲሴምበር 6

ሁለት ዶክተሮች ፈረሙ። መሞት ጀምራለች። ኮምፒውተሩን ነካ ሲያደርጉት የእማ ስም ወጣ፦ ማ ጆምሱን፣ የፈረመችበት ቀን፣ ቃሏ። ይኸው ነው። ነካ ማድረግ ብቻ። ለዚህች አንድ ገጽ አርባ ስድስት ቀን!

ነገ ጠዋት።

ዲሴምበር 7

ጓንቶቹን አወለቅንላት። ቀኝ እጇን ቴሶፕ ያዘ፣ ግራዋን እኔ። ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀርተዋል፤ እያሻሸሁ ልዘረጋቸው ሞከርኩ፣ ተመልሰው ይታጠፋሉ። ማሽኑን አጠፉት። ሃያ ደቂቃ በራሷ ተነፈሰች። ከዚያ ቆመች።

ቴሶፕ «እማ፣ ይቅርታ» አለ። ስንቴ እንዳለው አላውቅም። እኔ አላልኩም።

ዲሴምበር 8

የሆስፒታሉ የለቅሶ አዳራሽ፣ ምድር ቤት። የቀብር ሥርዓቱን የሚመሩት አቶ ፒዮ ጥቁር ሱፍና ቅጽ ይዘው መጡ።

«ዋና ሐዘንተኛው ወንድ ልጃቸው ናቸው አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ባለቤትዎ ይሆኑ…»

«ባል የለኝም። እኔ ነኝ አልኩዎት እኮ!»

ቅጹን ወደ ላይ ወደ ታች አዩት። «እንግዲህ ቅጹ ስም እንጂ ጾታ አይጠይቅም» አሉና ጻፉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ችግር የሆነው የክንድ ጨርቁ ነው። ሁለት መስመር ያለው ለዋናው ሐዘንተኛ፣ አንድ መስመር ለሌሎቹ ወንዶች፤ ለሴት ነጭ የፀጉር ጌጥ ብቻ። ባለሁለት መስመሩ ለወንድ ሱፍ እጅጌ የተሠራ ስለሆነ በእኔ ሰፊ የሐዘን ልብስ ላይ እየተንሸራተተ እስከ አንጓዬ ይወርዳል። መርፌ አውጥቼ እዚያው ሰፋሁት። ቴሶፕ ባለአንድ መስመሩን ተቀብሎ አየው፤ አጠለቀው። ሚስቱ ልትናገር ስትል በክርኑ ነካት።

ከሰዓት አጎቴ ገባ። ክንዴን አየ።

«ያን አውልቂ።»

«አላወልቅም አጎቴ።»

«ሰው ምን ይላል? የታክ ቤት ወንድ አጣ?»

«ወንዱ ያውልህ፣ ከጎኔ ቆሟል። ነገ ትቃጠላለች፣ ዛፍ ሥር ትገባለች። የፈለገችው ይኼንን ነው፤ የምወስነውም እኔ ነኝ። ካላመንክ ወረቀቱ ይኸው።»

ወረቀቱን አልተቀበለኝም። እኔ ላይ መንገድ ሲያጣ ወደ ቴሶፕ ዞረ። ስድሳ ሰው የለቅሶውን ቀይ ሾርባ ይዞ ተቀምጧል፤ የገበያው ሴቶች በሙሉ፣ የጎሳው ሰዎች በሙሉ።

«በቁሟ አሰርካት! ማሽን ላይ ሰቀልካት! አሁን ደግሞ ሬሳዋን ለእህትህ አስረከብክ! አንተ ልጅ ነህ?»

ቴሶፕ ተንበረከከ። ግንባሩን ወለሉ ላይ አደረገ። «ጥፋቱ የእኔ ነው አጎቴ።»

አፌን ከፈትኩ። የዚያን ጊዜ አዲስ ለቀስተኞች ገቡ፤ ዋና ሐዘንተኛዋ መልሳ መስገድ ነበረባት። ሰገድኩ።

ዲሴምበር 9

ተቃጠለች። ዛፏ ትንሽ ጥድ ናት። አጎቴ አልመጣም። ጨረስኩ። አሸነፍኩ መሰለኝ።

ዲሴምበር 10

ሱቁ ክፍት ነው፤ ደንበኛ የለም። ልጻፈው።

ቴሶፕን አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘሁት፤ መኪናውን ሚስቱ ቀደም ብላ ይዛው ሄዳለች። ወረፋ ላይ ቆመን ጠየቅኩት። «ያልፈረምከውን ፈረምኩ ያልከው ለምንድነው?»

«መጀመሪያ ቀን ፋይሉን አሳይተውኛል እትዬ። የእጅ ጽሑፍሽን አጣሁት?»

«እንግዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ልበል? አንቺ ነሽ ያጠብሻት። እኔ በዓመት ሁለቴ ሥጋ ይዤ የምመጣ ሰው ነኝ።»

አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። ኮቴን ሳላወልቅ እስካሁን ተቀምጫለሁ። ተናድጃለሁ። ደግ ሲሆንብኝ ይበልጥ እናደዳለሁ። ይኼን ሁሉ ቀን ስሰድበው ያውቅ ነበር! ይኼን ደብተር ያነበበ ይመስል፣ እያወቀ!

እማ የወደቀች ቀን ዶክተሩ «ታማሚዋ ስለ እንዲህ ያለ ሕክምና ቀደም ብለው የተናገሩት ነገር አለ?» አለኝ። በግልጽ ነው የጠየቀኝ፤ ግርግር አልነበረም። ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬን ከቤት ስወጣ ያነሳሁት ለካርዱ ብዬ ነው። እጄን አስገብቼ ነክቼዋለሁ።

«ምንም አላለችም» አልኩት።

ከዚያ ለማሽኑ ፈረምኩ፣ ለእጅ ማሰሪያው ፈረምኩ። ቀን ጻፍኩ። ከታማሚዋ ጋር ያለ ዝምድና በሚለው ላይ «ሴት ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። ብቻዬን ቤት መግባት አልፈለግኩም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንቺ ዘንድ ይቀመጥ ያለችኝ፣ ቴሶፕ ሆደ ቡቡ ነው ብላ ነው። እኔን ጠንካራ ብላ!

ዲሴምበር 18

አጎቴ ጋ ደወልኩ። ከዚያ ለአክስቴ፣ ከዚያ ከገበያው ሴቶች ለአንዷ፤ እሷ ለሌሎቹ ትነግራለች። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ነው የተናገርኩት። «ማሽኑን ያስቀጠልኩት እኔ ነኝ። እጇን ያሳሰርኩትም እኔ። ቴሶፕ አልነበረም፤ ፊርማው የእኔ ነው።» አጎቴ «ያን ልጅ በባርኔጣ መትቼዋለሁ» አለ። «አዎ» አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

ቀለል አለኝ። ትክክለኛ ነገር ሠራሁ። ነገ ቴሶፕ ይደውልልኛል፤ ምናልባት ይስቃል።

ዲሴምበር 19

ደወለ።

«ማን ንገሪ አለሽ?»

መጀመሪያ የማውቀው ድምፅ አልመሰለኝም። ቴሶፕ በሕይወቱ ጮኾብኝ አያውቅም።

«ለአንተ ብዬ እኮ ነው» አልኩት። «ስምህ እንዲነጻ…»

«ስሜን ማን ጠየቀሽ! እኔ የነበረኝ ያ ጥፋት ብቻ ነው! ስትወድቅ አልነበርኩም። አላጠብኳት፣ አላበላኋት። ዋና ሐዘንተኛዋ አንቺ፣ ቦታ መራጯ አንቺ፣ ቃሏን የሰማሽው አንቺ! እሺ አልኩሽ፤ ለሁሉም እሺ አልኩሽ! አንድ ነገር ነው ለእማ የያዝኩላት፣ እሱንም ወሰድሽብኝ?»

የሚበየድ ብረት ድምፅ ከኋላው ይሰማል። ሥራ ላይ ሆኖ ነው የደወለው።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«እትዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አልኩ። አልዘጋሁትም፤ እሱም አልዘጋውም። እንደዚያው ስልኩን ይዘን ቆየን።